ቃሉ ከካፋ አልወጣም፤ ቡናው ግን ወጥቷል፦ «ኮፊ የካፋ ስም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አነበብሁ። እንግሊዞች «ኮፊ» የሚሉት ቃል በቀጥታ የተወሰደው ካፋ ከሚለው የአገራችን የቦታ ስም ነው ይላል። ጸሐፊው ለዚህ የሚያቀርቧቸው ነጥቦች አምስት ናቸው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይመሳሰላሉ፤ ዓረቦች «ቀህዋ» የሚሉት ካፋን አጣምመው ሲሆን ቃሉ በራሳቸው ቋንቋ ትርጉም የለውም፤ የካፋው እረኛ ካልዲ ቡናን ሲያገኝ ስሙም አብሮ ተወለደ፤ የምዕራባውያን መዝገበ ቃላት ይህን ሐቅ አውቀው ደብቀዋል፤ «ካፌ»፣ «ካፌቴሪያ» እና «ካፌይን» የካፋን ስም ስለተሸከሙ ዓለም ለካፋ የስም ዕዳ አለበት።

ጸሐፊው ለካፋ ያላቸውን ፍቅር እጋራለሁ። የቡና ዛፍ ያለ ገበሬ እጅ፣ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ በቅሎ ከሚገኝባቸው ጥቂት የዓለም ቦታዎች አንዱ የካፋ ደን ነው፤ ዩኔስኮም በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምላሽ ለመጻፍ የተነሣሁት ቡና የእኛ መሆኑን ለመጠራጠር አይደለም። ይህን የመሰለ ጽኑ እውነት በደካማ የቃል ዝምድና ላይ ማስደገፍ ስለሚጎዳው ነው። የቃሉ ክርክር የወደቀ ዕለት እውነቱም አብሮ የወደቀ ይመስላል።

ከድምፁ ልጀምር። ጸሐፊው «ኮፊ» እና «ካፋ»ን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ጆሮ ያለው ይስማ» ብለዋል። ጆሮ ብቻውን ዳኛ ከሆነ ግን ሌላም ካፋ አለ። በጥቁር ባሕር ዳር፣ በክራይሚያ፣ ዛሬ ፌዶሲያ የምትባለው የወደብ ከተማ በመካከለኛው ዘመን ስሟ ካፋ ነበር። የጄኖዋ ነጋዴዎች ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲነግዱባት ኖረው በ1475 የኦቶማን ቱርኮች ወሰዷት። ለአውሮፓ ቡናን ያስተዋወቁት ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ቱርኮች ናቸው። በድምፅ መመሳሰል ብቻ የሚሟገት ሰው የክራይሚያዋን ካፋ በምን ይመልሳታል? የአንድን ቃል መነሻ የሚያሳየው ዛሬ የሚሰማው ድምፅ ሳይሆን በየዘመኑ ተጽፎ የተገኘበት ቅርጽ ነው። ስለዚህ የ«ኮፊ»ን ዱካ ወደ ኋላ እንከተል።

ቃሉ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የተገኘው በ1598 ነው፤ ሆላንዳዊው ተጓዥ ያን ሁይገን ቫን ሊንስኾተን የጻፈው መጽሐፍ በዚያ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲታተም፣ መጠጡ «ካኡዋ» ተብሎ ሊነበብ በሚችል አጻጻፍ ሰፍሯል። በሚቀጥሉት አርባ ዓመታት እንግሊዛውያን መንገደኞች አንዱ «ኮፋ»፣ ሌላው «ኮሆ»፣ ሌላው «ኮፌ» እያሉ እንደየጆሯቸው ጽፈዋል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን ከሞተ በኋላ በ1627 በታተመው ሥራው ቱርኮች «ኮፋ» የሚሉት፣ እንደ ጥላሸት የጠቆረና ኃይለኛ ሽታ ያለው መጠጥ እንዳላቸው ይነግረናል። «ካኡዋ» እና «ኮሆ» የሚሉትን ቅርጾች ልብ ይሏል። «ፈ» የለባቸውም። ቃሉ የመጣው ከካፋ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት በተጻፈው ቅርጽ ላይ «ፈ» መገኘት ነበረበት፤ የምናገኘው ግን ተቃራኒውን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓረብኛው «ቀህዋ» ነው። ቱርኮች «ዋ»ን ወደ «ቬ» ለውጠው «ካህቬ» አሉት። በጣሊያኖች አፍ «ህ» ጠፋና «ቬ» ወደ «ፌ» ጠንክሮ «ካፌ» ሆነ። ሆላንዶች «ኮፊ» አሉ፤ እንግሊዞችም ያንኑ ይዘው ቀሩ። እንግዲህ ከካፋ ጋር ያለው መመሳሰል የተወለደው አውሮፓ ውስጥ፣ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ከለንደን ተነሥተን ወደ ኢስታንቡል፣ ከዚያም ወደ የመን፣ ማለትም ወደ ካፋ በቀረብን ቁጥር መመሳሰሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከካፋ የወጣ ቃል ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ካፋን የሚመስለው ቀይ ባሕር ዳር ነበር።

ጸሐፊው ለዚህ የሚሆን መልስ አዘጋጅተዋል፤ «ዓረቦች አጣመሙት» ይላሉ። የሚያጣምሙበትን ምክንያት ግን አይነግሩንም። ዓረብኛ «ከ»ም «ፈ»ም አለው። የሙታን መገነዣ «ከፈን» ሲሉ ሁለቱንም ድምፆች ያለ ችግር ያወጣሉ። «ከ»ን ከ«ቀ» ጋር የሚያደባልቅ ዓረብም የለም፤ «ቀልብ» ልብ ነው፣ «ከልብ» ደግሞ እንደ ግእዙ ሁሉ ውሻ ነው። «ቀ»ን ከ«ከ» በፊደል የምንለይ እኛ ይህን ለመረዳት ከማንም አንቸገርም። የቦታ ስም ሲጽፉም በዘፈቀደ አልነበረም። በ14ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የኖረው አልኡመሪ በአገራችን የነበሩትን ሙስሊም ግዛቶች ሲዘረዝር ሃድያን፣ ባሊንና ደዋሮን ዛሬም በምናውቃቸው ስሞች መዝግቧቸዋል። ሃድያን ሃድያ ያለ ቋንቋ ካፋን ቀህዋ የሚልበት መንገድ አይታየኝም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ «ቀህዋ በዓረብኛ ትርጉም የለውም» የሚለው፣ ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ የሚፈርስ ነው። ቃሉ ቡና ከመታወቁ በፊት በጥንታዊው የዓረብኛ ግጥም ውስጥ አለ፤ የወይን ጠጅ ስም ነው። የዓረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት ምግብ የመብላት ፍላጎትን ስለሚቀንስ እንዲህ ተባለ ብለው ያብራሩታል። ሌሎች ደግሞ ከጠቆረ ቀለም ጋር ያያይዙታል። በሥሩ ትርጉም ላይ ሊቃውንቱ ይከራከሩ እንጂ ቃሉ ጥንታዊ ዓረብኛ መሆኑ አያከራክርም።

የወይን ጠጅ ስም ለቡና እንዴት ተሰጠ? የዚህ ታሪክ ከዘመኑ ብዙ ሳይርቅ ተጽፏል። በ16ኛው መቶ ዘመን አብድ አልቃድር አልጀዚሪ የተባለ ጸሐፊ ቡናን መጠጣት በሃይማኖት የተፈቀደ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ሥራ አዘጋጅቶ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎችን ምስክርነት ሰብስቦበታል። በእርሱ ዘገባ መጠጡን ያስፋፉት ሌሊቱን በዚክር፣ ማለትም የአላህን ስም በማውሳት የሚያሳልፉ የየመን ሱፊዎች ናቸው፤ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ይጠጡት ነበር። ካይሮ ውስጥ በአዝሃር መስጊድ የየመናውያኑ ወገን ሰኞና ዓርብ ማታ ሲሰበሰብ ቡናው በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ መሪያቸው በትንሽ መጭለፊያ እየቀዳ ወደ ቀኙ ያሳልፋል፤ እነርሱም የአላህን ስም እያወሱ በየተራ ይጠጣሉ። ሱፊዎች በግጥማቸው የመንፈስን ደስታ በወይን ጠጅ መስለው ሲናገሩ የኖሩ ናቸውና፣ ለቅዱስ ሌሊታቸው መጠጥ ይህን ስም ቢሰጡት አያስገርምም።

በዚሁ ሥራ ውስጥ ለክርክራችን ቁልፍ የሆነ ሌላ ምስክርነት አለ። «ቀህዋ» በመጀመሪያ ከጫት ቅጠልም ይዘጋጅ እንደነበር፣ በኋላ በየመኗ ወደብ በኤደን ጫቱ ሲጠፋ በ1470 ያረፉት ሼህ ጀማል አድዲን አልዘብሃኒ «ቡንም ያነቃል፤ ከእርሱ የተሠራውን ቀህዋ ሞክሩት» ማለታቸው ተጽፏል። ይህን ዘገባ ከተቀበልን «ቀህዋ» የሚለው ስም ቡናው ወደ ማሰሮው ከመግባቱ በፊት እዚያው ነበረ ማለት ነው። ከጫት ለተሠራ መጠጥ የተሰጠ ስም ከቡና አገር ሊመጣ አይችልም። ሌላው ምስክርነት ደግሞ እኚሁ ሼህ ቡናን ያወቁት በ«ዓጀም» አገር ሳሉ ነው ይላል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የእኛ ወገን እንደሆነ ይረዱታል። ሁለቱን ምስክርነቶች አንድ ላይ ብናነብ ከዚህ ወደዚያ የተሻገረው ፍሬው ሲሆን፣ የመጠጡ ስም እዚያው የነበረ ይሆናል።

አሁን ጸሐፊው ጨርሰው ያልነኩት፣ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ እምብርት የሆነው ጥያቄ ይምጣ። ካፋዎች ራሳቸው ቡናን ምን ይሉታል? «ቡኖ» ይሉታል። ኦሮምኛው «ቡና»፣ አማርኛው «ቡና»፣ ትግርኛው «ቡን» ነው። ባሕሩን ስንሻገር የዓረብኛው ስም «ቡን» ነው። ዓረቦች ሁለት ነገር ይለያሉና፤ ዛፉና ፍሬው «ቡን» ሲሆን መጠጡ «ቀህዋ» ነው፤ እንዲያውም የመን ውስጥ ከገለባው የሚፈላው መጠጥ ሳይቀር «ቀህዋ» ተብሏል። የእንግሊዝኛው «ኮፊ» ዛሬ ዛፉንም፣ ፍሬውንም፣ ዱቄቱንም፣ መጠጡንም ስለሚጠራ ጸሐፊው «የተክሉ ስም ከሆነ ከተክሉ አገር መምጣት አለበት» ብለው ደምድመዋል። ነገር ግን ቃሉ ወደ አውሮፓ የገባው በመጠጥ ስምነት ነው፤ ለዛፉና ለፍሬው የተረፈው በኋላ፣ እዚያው አውሮፓ ውስጥ ነው። በመነሻው የመጠጥ እንጂ የተክል ስም አልነበረም።

የእኛው ቃል ግን ከፍሬው ጋር ተጉዟል፤ ዱካውም ተጽፎ ይገኛል። ጀርመናዊው ሐኪም ሌዮንሃርድ ራውቮልፍ በ1573 ሶርያ ውስጥ ወዳለችው ሐለብ (አሌፖ) ከተማ ገብቶ ያየውን በ1582 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኮታል። ሰዎች ማለዳ ማለዳ በአደባባይ ተቀምጠው፣ እንደ ቀለም የጠቆረ መጠጥ በሸክላና በፖርሴሊን ጥልቅ ስኒዎች፣ ሊታገሡት የሚችሉትን ያህል ትኩስ አድርገው ይጠጣሉ፤ ደጋግመው ወደ ከንፈራቸው ይወስዱታል፣ የሚጎነጩት ግን ጥቂት ጥቂት ነው፤ ስኒውንም ለጎናቸው ያሳልፋሉ። የመጠጡን ስም ከ«ቀህዋ» አጣምሞ «ቻውቤ» ሲለው የፍሬውን ስም ግን «ቡኑ» ብሎ ጽፏል። ግብፅ ውስጥ የሠራው ጣሊያናዊ ሐኪም ፕሮስፔሮ አልፒኒ በ1592 ፍሬውን «ቦን» ብሎታል። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ፓርኪንሰን በ1640 ለንደን ላይ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ዛፉን «ቦን»፣ ፍሬውን «ቡና» ብሎ አስፍሮታል። ለንደን የመጀመሪያውን የቡና መጠጫ ቤቷን የከፈተችው በ1652 ነው። ከዚያ 12 ዓመት ቀድሞ እናቶቻችን ከምድጃው አጠገብ የሚጠሩት ቃል እዚያው ከተማ በማተሚያ ቤት ታትሟል። ጸሐፊው የኢትዮጵያን ድምፅ በእንግሊዞች መጽሐፍ ውስጥ ለማግኘት «ኮፊ»ን ከሚያጠማዝዙ ይህን ገጽ ቢገልጡ ምንኛ በተሻለ ነበር።

ዓረብኛው «ቡን» ከእኛ ተወሰደ ወይስ እኛ ከእነርሱ ወሰድነው የሚለው በሊቃውንት ዘንድ ያከራክራል። እኔ ተክሉ ከዚህ ስለሄደ ስሙም አብሮት ሄደ ለሚሉት አዘነብላለሁ፤ በዚህ ላይ ቢከራከሩ ጸሐፊው የሚረባ ነገር ይዘው ይነሡ ነበር። ከዓረቦች ቃል መዋስም የሚያሳፍር አይደለም። የቃላት ጥናት ሰዎች በቡና ሥርዓታችን የመጀመሪያውን ዙር «አቦል» የምንልበትን ቃል «የመጀመሪያ» ከሚለው የዓረብኛ «አወል» ጋር ያያይዙታል። እንዲህ በመሆኑ ጀበናው የእኛ መሆኑ አልቀረም።

የካልዲን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ታሪኩ በጽሑፍ መጀመሪያ የታወቀው በ1671 ሮም ውስጥ ነው፤ የጻፈውም ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮናውያን (የሊባኖስ ክርስቲያኖች) ሊቅ ነው። በእርሱ ትረካ እንስሶቹ ግመሎች ወይም «ሌሎች እንደሚሉት» ፍየሎች ናቸው፤ ቦታው የመን ነው፤ እረኛው ስም የለውም። ካልዲ የሚለው ስምም፣ ኢትዮጵያዊነቱም በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ታሪኩ ለልጆች ሲነገር ደስ ይላል፤ ለቃል መነሻ ግን ምስክር ሆኖ ሊቆም አይችልም። በቆመም እንኳ ጸሐፊውን አይረዳቸውም፤ እረኛው ለፍሬው ስም አወጣ የሚል ነገር በውስጡ የለምና።

አራተኛው ነጥብ ክስ ነው፤ የምዕራቡ መዝገበ ቃላት ካፋን ደብቋል የሚል። ክስ ከመሰንዘር በፊት መጽሐፉን መግለጥ ይገባ ነበር። ትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በወጣው እትሙ «ኮፊ»ን ሲያብራራ ካፋን በስሟ ይጠራታል። ቃሉ ከዚያ መጣ የሚሉ እንዳሉ፣ ተክሉም የዚያ አገር በቀል እንደሚመስል ይገልጣል። ከዚያ በኋላ ለቃሉ ዝምድና ማስረጃ እንደሌለ ይናገርና ምክንያቱን ያስቀምጣል፦ «ቀህዋ» የፍሬው ወይም የተክሉ ስም አይደለም፤ ፍሬው «ቡን» ነው፤ በሸዋም ስሙ «ቡን» ነው። እኔ ከላይ በብዙ ቃላት ያልሁትን እርሱ በጥቂት መስመሮች ብሎታል። የካፋን ግምት የአውሮፓ መጻሕፍት ራሳቸው ሲያዞሩት እንደኖሩም ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ተሰወረ የተባለው ነገር በአደባባይ ተመርምሮ ያልጸና ግምት ነው።

በደል ተፈጽሟል ከተባለ በሌላ በኩል ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ኮፊያ አረቢካ» አለው፤ የዓረብ ምድር ቡና ማለት ነው። የዘር ጥናት ግን ሌላ ያሳያል። አረቢካ ከሁለት የአፍሪካ የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነው፤ ሰፊው የዘር ብዝኃነቱም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ይገኛል። የየመን ቡና የዚህ ጥቂት ቅንጣት ነው። በዓለም ሁሉ ገበያ ላይ ያለው «አረቢካ» የሚለው ስም የተሳሳተ አድራሻ ለመሆኑ በእጃችን ያለው ማስረጃ ከማንኛውም የድምፅ መመሳሰል ይበልጣል። «ኮፊ የካፋ ካልሆነ ቡና የየመን ሊሆን ነው» ብለው ለሚሰጉት ጸሐፊ መልሱ ይኸው ነው፤ ደኑ ለራሱ ይመሰክራል።

የመጨረሻው ነጥባቸው የስም ዕዳው ነው። «ካፌ» መጠጡን የሚጠራው የፈረንሳይኛና የጣሊያንኛ ቃል ነው። «ካፌቴሪያ» ከስፓንኛ፣ የቡና ቤት ማለት ሆኖ የመጣ ነው። «ካፌይን»ን ጀርመኖች በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ንጥረ ነገሩን ሲለዩ ከራሳቸው «ካፌ» አወጡት። ሁሉም የ«ቀህዋ» ልጆች ናቸውና ለካፋ ሊከፍሉት የሚችሉት ዕዳ የለም።

እውነተኛ የቦታ ስም በዓለም የቡና ገበያ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ሞካ» የየመን ወደብ ስም ነው፤ ቡናው ከዚያ በመርከብ ይጫን ስለነበር ስሙን ይዞ ቀረ። ይህን የምናውቀው የንግዱ መዝገብ ስላለ ነው። የእኛዎቹም አሉ። ኢትዮጵያ በ2005 ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋ ጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት ስታርባክስን ከመሰለ ግዙፍ ኩባንያ ጋር ተከራክራለች፤ በ2007 ሁለቱ ወገኖች ከስምምነት ደርሰዋል። ያ ክርክር የቆመው ቡናው የሚበቅልበት ስም ለገበሬው ገንዘብ ያስገኛል በሚል ሊለካ በሚችል ጉዳይ ላይ ነበር።

ከዚያው ከካፋ አካባቢ የወጣ፣ በእውነት ዓለምን የዞረ የቦታ ስምም አለ፤ ጌሻ። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጫካ ቡና ዘር ተሰብስቦ ወደ ኬንያ፣ ከዚያ ወደ ታንዛኒያ ተላከ፤ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ በኋላም ፓናማ ደረሰ። ለዓመታት ማንም ልብ ሳይለው ቆይቶ በ2004 በፓናማ ውድድር አሸነፈና በዘመኑ ያልተሰማ ዋጋ አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ከሚሸጡት ውድ ቡናዎች ተርታ ነው። ስሙ ግን በጉዞው ላይ በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ተለወጠ፤ በብዙ ከረጢት ላይ የጃፓን ዘፋኝና አጫዋች ሴቶች ስም የሆነው «ጌይሻ» ተጽፎበታል፤ ብዙ ጠጪዎችም ቡናው ከጃፓን ጋር ግንኙነት ያለው ይመስላቸዋል። ጉዞው በሰነድ የታወቀ፣ የተነሣበትም አገር የማያከራክር ይህ ስም አሁንም በተሳሳተ ፊደል እየተሸጠ ነው። ጸሐፊው የሚሟገቱለት ስም ከፈለጉ ከ«ጌይሻ» ላይ ያቺ ትርፍ ፊደል እንድትነሣ ይጻፉ፤ እኔም ፊርማዬን ከፊርማቸው በታች አኖራለሁ።